የተራራው ጽድና የቆላው ከተማ

ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ተራራው ስለከበደ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር የሚያወጣውን አቀበት ሳይደፍር በግርጌው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳም ገበያ፣ መጋዘንና ሰፈር አበቀለ። ከተማዋ ዛሬም ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በስተደቡብ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጨርሶ ደጋው ላይ ብቅ ያለ ተጓዥ ግን 2000 ሜትርን አልፏል። ታይዋን የተባለው የድሬ የገበያ ሰፈር ገብቶ ስልክ ወይም ጨርቅ የሚያገላብጥ ሸማች ፊቱን ያዞረው ወደ ባሕሩ ነው፤ ዕቃው ከዚያ ነዋ የሚመጣው። ውኃው ግን የሚመጣው ከጀርባው ነው። በሳቢያን አካባቢ ካሉት ጉድጓዶች የሚቀዳው የከርሰ ምድር ውኃ በአመዛኙ የሚታደሰው በዚያ ደጋና በገደላ ገደሉ ላይ ዘንቦ ወደ ውስጥ በሰረገ ዝናብ ነው። ጎርፉም የሚወርደው ከዚያው ነው። በ1998 ዓ.ም. የሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ አሸዋማ ወለል ተንደርድሮ ከተማዋ ሲደርስ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ደግሞ ያለ ቤት ቀሩ።

እንግዲህ ደጋው በየትኛው ዓመት ስንት ዝናብ እንዳገኘ፣ መቼ እንደነጠፈበትና መቼ እንደተትረፈረፈለት ማወቅ ለድሬ ሰው የኑሮ ጉዳይ ነው። ነገር ግን በአገራችን የዝናብ መለኪያ ዕድሜው አጭር ነው። በአብዛኛው ሥፍራ መዝገቡ የሚጀምረው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሲሆን እሱም ቢሆን በየመሐሉ ይቋረጣል። ከዚያ በፊት የነበረውን የምንሰማው ከአዛውንት ትዝታ፣ ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ ነው። ከእነዚህ ሌላ አንድ ምስክር አለ፤ ደጋው ላይ የቆመ አሮጌ ጽድ። ጽዱ በየዓመቱ በግንዱ ውስጥ የሚጨምረው ቀለበት የዚያን ዓመት ዝናብ ልክ ይዞ ይቀመጣል። ይህን ምስክር በጥንቃቄ ስንሰማው የሚነግረን ነገር ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተለምዶ ከሚወራው ትንሽ ይለያል። በእኛ ተራሮች ላይ የዛፍን ውፍረት የሚወስነው ከሙቀት ይልቅ ውኃ ነው። ስለዚህ እየጨመረ የመጣው ሙቀት በሰሜኑ ዓለም ለብርዳም ተራራ ዛፍ ሲሳይ ቢሆንም ለእኛ ጽድ ግን ጥም ነው፤ ጉዳቱም ጎልቶ የሚታየው በረጅም ዘመን አማካይ ላይ ሳይሆን በነጠላ ክፉ ዓመታት ላይ ነው።

ስለ ዛፉ ጥቂት ልበል። የሐበሻ ጽድ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ፣ ለአጥርና ለጥላ ከሚተከለው ከፈረንጅ ጽድ ጋር መምታታት የለበትም። ልጡ በረጅሙ እየተላጠ የሚወርድ፣ ሲቆረጥ ውስጡ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሽታው ገና የተቀረጸ እርሳስ የሚመስል ዛፍ ነው፤ እርሳስም ይሠራበት ነበር። ምስጥ ስለማይደፍረው የደገኛው ሰው ለቤቱ ምሰሶና ለአጥሩ ይመርጠዋል። ተመራማሪዎች ዛፉን ሳይጥሉ ናሙና የሚወስዱት ውስጡ ክፍት በሆነ፣ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ነው። መሰርሰሪያው ከልጡ ተነስቶ ወደ ግንዱ እምብርት ከገባ በኋላ ይዟት የሚወጣው እንጨት ውፍረቷ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጭራሮ የምታክል ናት። ይህች ጭራሮ በእንጨት ቦይ ላይ በኮላ ተለጥፋ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ደጋግማ ስትታሽ እንደ መስታወት ትለሰልሳለች፤ ያን ጊዜ በማጉያ መሣሪያ ሥር መስመሮቿ ይገለጣሉ። ገርጣ ያለው ሰፊው ክፍል ዝናቡ ሲገባ የተሠራው ነው፤ ሕዋሶቹ ትልልቅ፣ ግድግዳቸውም ስስ ነው። ዝናቡ እየከዳ ሲሄድ ሕዋሶቹ ይጠባሉ፣ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ቀለማቸውም ይጠቁራል። በጋው ሲጠና ከልጡ ሥር ያለው እንጨት ሠሪ ሽፋን ሥራውን ያቆማል። ዝናብ ሲመለስ ከጥቁሯ መስመር ቀጥሎ ትልልቆቹ ሕዋሶች እንደገና ይጀምራሉ። ከአንዷ ጥቁር መስመር እስከ ቀጣይዋ ያለው አንድ ቀለበት ነው። በጥጋብ ዓመት ቀለበቱ በሚሊ ሜትሮች ይሰፋል፤ በክፉ ዓመት ግን ከጸጉር ብዙም የማይሻል፣ አንዳንዴም በግንዱ በአንዱ ጎን ታይቶ በሌላው ጎን ጨርሶ የማይኖር ይሆናል።

ቀለበቱ የሚጠብበት ምክንያት ግልጽ ነው። አዲስ የተወለደ የእንጨት ሕዋስ የሚያድገው በውስጡ ያለው ውኃ ግድግዳውን ወደ ውጭ ሲገፋው ነው፤ ውኃው ካነሰ ሕዋሱ እንደቀጨጨ ይቀራል። በዚያ ላይ ዛፉ በጥም እንዳይደርቅ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ቀዳዳው ሲዘጋ ምግብ የሚሠራበት አየርም አይገባም። በሙነሳ-ሻሸመኔ ደን በዛፎች ግንድ ላይ የተገጠሙ የውፍረት መለኪያዎች ይህን ቀን በቀን አሳይተዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ግንዱ ያብጣል፣ በደረቅ ቀናት ይኮማተራል፣ እንጨት የሚሠራውም ውኃ ባለበት ወቅት ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል። የዛፍ ቀለበት ንባብ የብርድ አገር ጥበብ አይደለም ወይ? ክረምቱ በረዶ የሆነበት አገር ዛፉ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይተኛል፤ የእኛው ግን የሚተኛበት ቀን በውል አይታወቅም ይባላል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዴክላን ኮንዌይና ባልደረቦቹ በዓባይ ተፋሰስ የሚገኙ የጽድ ዛፎችን ሲመረምሩ ሐሰተኛና የጎደሉ ቀለበቶች ሥራቸውን አክብደውባቸው ነበር። ሐሰተኛ ቀለበት የሚፈጠረው ዝናቡ በመሐል ሲቋረጥ ነው፤ ዛፉ በጋ የገባ መስሎት መስመሩን ያሰምራል፣ ዝናቡ ሲመለስም እንደገና ይጀምራል። መፍትሔው የተገኘው ከሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የበርካታ ዛፎችን ቀለበት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ነው፤ አንድ ዛፍ ቢሳሳት ሃያ ዛፍ በአንድ ዓመት አይሳሳትምና። ሁለተኛው ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኃያላኑ መንግሥታት በአየር ላይ ያፈነዷቸው የኑክሌር ቦምቦች በከባቢ አየር ውስጥ የነበረውን ራዲዮአክቲቭ ካርቦን በእጅጉ አብዝተውት ነበር፤ ያ ካርቦን የኢትዮጵያ ጽድ ውስጥም ገብቶ የእነዚያን ዓመታት ቀለበት የሚለይ ምልክት ሆኗል። ቶሚ ዊልስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ይህን ምልክት ከማመሳከሪያው ጋር አጣምረው በተለያዩ የአገራችን ሥፍራዎች የበቀለ ጽድ ቀለበቱን በየስንት ጊዜው እንደሚሠራ ፈተሹ። የወጣው መልስ ጽድ በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ሰዓት አለመሆኑ ነው። አንድ ጎላ ያለ የዝናብ ወቅት ባለበት አካባቢ ቀለበቱ ይታመናል፤ ዝናቡ ሁለት ጊዜ በሚመጣበት ግን አንባቢው መጠንቀቅ አለበት። ሐረርጌ ከሁለተኛው ወገን ስለሆነች ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ንባቡ ሲሠምር ምን እንደሚያስገኝ ያየነው በሰሜን ኢትዮጵያ ነው። ሙሉጌታ ሞክሪያ፣ አስቴር ገብረክርስቶስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሥራቸው ከላይኛው ዓባይ ተፋሰስ ጽዶች ቀለበት ተነስተው እ.ኤ.አ. ከ1811 ወዲህ ያለውን ዝናብ መልሰው አሰሉ። ቀለበቱና በመሣሪያ የተለካው ዓመታዊ ዝናብ ያላቸው ተዛምዶ 0.68 ነው፤ በተራ ቋንቋ ከዓመት ዓመት ያለውን የዝናብ ልዩነት ግማሽ ያህሉን ዛፉ ያውቀዋል ማለት ነው። ለዛፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚባለው ግን ሌላ ነው። በጣም ደረቅ ሆነው ከተገኙት ክስተቶች 95 በመቶው የቆዩት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በአማካይም በየ8.8 ዓመቱ ይመለሳሉ። ክፉ ዓመታቱም ከረሃብ ታሪክ መዛግብት ጋር ይገጥማሉ። እየተደጋገሙ መምጣታቸውንም ጥናቱ አሳይቷል። ሰው ድርቅ ሲባል ሰባት የከሱ ላሞች ሰባት የሰቡትን ሲውጡ ይታየዋል፤ ዛፉ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ መጥቶ ጎተራ አራግፎ ስለሚሄድ እንግዳ ይናገራል። እንዲህ ያለው እንግዳ በአሥር ዓመት አማካይ ውስጥ ሲደመር አይታይም፤ አርሶ አደሩ ግን ያን አንድ ዓመት ሳይሻገር አማካዩ ላይ አይደርስም። በድርቅ ሰበብነት የሚጠራው ኤል ኒኞም ቢሆን የተገጣጠመው ከከባድ ደረቅ ዓመታት ከ38.5 በመቶው ጋር ብቻ ነው። ኤል ኒኞ አልተነሳም ብሎ መዘናጋት አያዋጣም ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። ሙቀት ዛፍ ያሳድጋል፣ በአየር ላይ የበዛው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ለዛፍ ምግብ ነው፤ ታዲያ ቀለበቱ ሊሰፋ ሲገባው ለምን ይጠባል? በቀዝቃዛ ተራሮች ላይ በእርግጥ ይሰፋል። በካሊፎርኒያ ዋይት ማውንቴንስ ጫፍ ላይ ያሉት በሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸው ብሪስልኮን ጥዶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ያደጉት ባለፉት 3700 ዓመታት ውስጥ በየትኛውም 50 ዓመት ካደጉት በላይ ነው። የድሬው ሰፈር ስሟን በሚጋራት በደሴቲቱ ታይዋንም በማዕከላዊ ተራሮቿ ላይ የደኑ የላይኛው ድንበር ወደ ላይ እየወጣ መሆኑ ታይቷል። እነዚህ ዛፎች የሚያግዳቸው ብርድ ነበር፤ ብርዱ ሲላላ ተፈቱ። የሐረርጌን ደጋ ጽድ ግን የሚያግደው ብርድ አይደለም። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው እንፋሎት 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ያን ትርፍ ከአፈርና ከቅጠል ይመጥጣል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ መጨመሩ ተመዝግቧል። ስለዚህ ያው የድሮው ዝናብ እንኳ ቢዘንብ ለዛፉ የሚደርሰው የድሮውን ያህል አይሆንም። ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ቀለበቶቹ ራሳቸው ተጠይቀዋል። በቦሊቪያ፣ በካሜሩንና በታይላንድ ከ1000 በላይ ዛፎችን የመረመረው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ዛፎቹ ባለፉት 150 ዓመታት ውኃን ቆጥበው መጠቀምን ተምረዋል፣ ዕድገታቸው ግን አልፈጠነም ይላል። ምግቡ በዝቶ ዛፉ አልወፈረም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቅርብ ጊዜ የመጣ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ሥራ በሐሩር ክልል ካሉ 483 የቀለበት መዝገቦች ተነስቶ፣ ከ1930 ወዲህ በነበሩት እጅግ ደረቅ ዓመታት የዛፍ ግንድ ዕድገት የቀነሰው በአማካይ 2.5 በመቶ ብቻ ነው ብሏል። ዛፎቹም በአብዛኛው በማግሥቱ ዓመት ያገግማሉ። ይህን ይዞ ታዲያ ምን ያስጨንቃል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ያው ጥናት ግን ቀጥሎ የሚለውን ማንበብ ያስፈልጋል። ከመዝገቦቹ በአንድ አራተኛው ላይ ቅነሳው ከ10 በመቶ በላይ ነው፤ በሞቃትና በደረቅ ሥፍራ ይብሳል፤ እንደ ጽድና ዝግባ ባሉት አበባ በማያወጡ ዛፎች ላይም ከሌሎቹ ይበልጣል። የምሥራቁ ደጋ ጽድ የበቀለው በደረቅ አገር ነው፣ የዘር ሐረጉም ከተጎጂዎቹ ወገን ነው። አማካዩ ለአማዞን ዝናባም ደን የምሥራች ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ተራራ ግን የሌላ ሰው ልብስ ነው።

አሁን ወደ ሐረርጌ ሁለት ዝናብ። እዚህ አገር በልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ በመሐላቸው ሰኔ ላይ ደረቅ ክፍተት አለ። ሁለቱም ዝናብ በሰዓቱ ሲመጣ ዛፉ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሊሠራና ሁለት መስመር ሊያሰምር ይችላል። ለቀለበት ቆጣሪ ይህ ራስ ምታት ነው፤ የክፍለ ዘመን ዕድሜ ያለውን ዛፍ በእጥፍ ሊያስረጀው ይችላልና። እኔ ግን በዚያ ውስጥ ትልቅ ዕድል ይታየኛል። የመጀመሪያው መስመር ቀጥኖ ወይም ጠፍቶ ሁለተኛው ከሰፋ በልጉ ቀርቶ ክረምቱ ደርሷል ማለት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ እየከዳ የመጣው ይኸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ነው። የዓመቱ ድምር ብቻ ቢታይ ክረምቱ የበልጉን ጉድለት ሸፍኖት ሁሉ ደህና ሊመስል ይችላል። ማሽላውን በበልግ እርጥበት የሚዘራው ገበሬና በጋውን ተሻግሮ የመጀመሪያውን ጠብታ የሚጠብቀው ጽድ ግን ልዩነቱን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ14 ሺህ በላይ የሐሩር ክልል የዛፍ ቀለበት ተከታታይ መዝገቦችን ያጠና ሥራ የዛፎቹን ዕድገት ከዝናቡ ወቅት ይልቅ የደረቁ ወቅት ሁኔታ እንደሚወስነው ማግኘቱም ይህን ያጠናክራል። በጋው በአንድ ወር ሲረዝም፣ ሙቀቱም ሲበረታ፣ ክረምቱ ቢሰምርም ዛፉ የሚነሳው ከከሳ አካል ነው።

ደኑን የጨረሰው መጥረቢያ እንጂ የአየር ንብረት አይደለም የሚል ደግሞ አለ። እውነቱን ነው። ከሐረርጌ ተራሮች ጽዱን፣ ዝግባውንና ወይራውን ያራቆተው በዋናነት እርሻ፣ ማገዶና ከሰል ነው፤ ይህን ሸፍኖ ሁሉን በሰማይ ማመካኘት ተገቢ አይደለም። የቀለበት አንባቢም ቢሆን ይህን ሳያርም ወደፊት አይራመድም። ጎረቤቱ የተቆረጠበት ዛፍ ብርሃኑንም የአፈር ውኃውንም ብቻውን ስለሚያገኘው ዝናብ ሳይጨምር ቀለበቱ ይሰፋል፤ የመጥረቢያው ሥራ የጥጋብ ዓመት መስሎ ይነበባል። ለዚህ ነው ናሙናው ከበርካታ ዛፎች፣ የሚቻል ከሆነም ከተለያየ ተራራ የሚወሰደው። ነገር ግን መጥረቢያውና ሙቀቱ ተለያይተው አይሠሩም። ጥላ የሌለው አፈር ቶሎ ይደርቃል፣ ዝናቡን ሳያሰርግ ወደ ደቻቱ ያሽቀነጥረዋል፤ ተርፎ የቆመው ዛፍም በተጋለጠው ተዳፋት ላይ ሙቀቱን ብቻውን ይጋፈጣል። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅም ሰበቡ አንድ አልነበረም፤ ለጫትና ለአትክልት የተሳበው ውኃ፣ ለከተሞች የተቀዳው፣ ከተራቆተው ተዳፋት የወረደው ደለልና የጨመረው ትነት ተደራርበው ነው።

ድሬ ከዚህ ምን ታገኛለች? ከጎርፉ በኋላ በደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። የግንብ ቁመት የሚሰላው በስንት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ጎርፍ ይቋቋማል ተብሎ ነው፤ በአጭር መዝገብ የ100 ዓመት ጎርፍ መገመት ግን በሦስት ቀን ወሬ የሰውን ጠባይ እንደ መመስከር ነው። ቀለበት የአንዲትን ሌሊት ዶፍ አይመዘግብም፤ የሚመዘግበው የወቅትን እርጥበት ነው፣ ከዚያ በላይ ማስባል አይገባም። ያም ሆኖ እርጥብ ዓመታት ተከታትለው የሚመጡበትን ጊዜ ያሳያል፤ ጉድጓዶቹ የሚታደሱባቸው ዓመታት ምን ያህል እንደሚራራቁም ያሳያል። ጎርፍ ሲወርድ ድንጋይና ግንድ የዳሩን ዛፍ ልጥ ይልጣሉ፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው በዚያ ዓመት ቀለበት ላይ ይቀራል። በሌሎች አገሮች ጠባሳውን ቆጥረው የጎርፍ ዓመታትን ለይተዋል። ከደንገጎ በታች በጅረቶቹ ዳር የቆሙት አሮጌ ዛፎችም በዚህ ዓይን ሊታዩ ይገባል።

ለዚህ ሥራ የቆመ ዛፍ ብቻ አይፈለግም። በደጋው አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣው የጽድ ምሰሶ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው ዛፍ ነው፤ ቀለበቶቹ ግን አብረውት አሉ፤ የውስጠኞቹ ዓመታት ዛሬ ከቆመው ሽማግሌ ዛፍ ልደት ሊቀድሙ፣ የውጭዎቹ ደግሞ ከእሱ ጋር ሊገጥሙና መዝገቡን ወደ ኋላ ሊያስረዝሙት ይችላሉ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ምሰሶ ተፈልጦ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ከመፈለጡ በፊት አራት ጣት የምትሆን ክብ ቁራጭ በመጋዝ ቢወሰድለት ይበቃል። ከየትኛው መንደር፣ ከየትኛው ቤት እንደወጣ በላዩ ይጻፍበት፤ በአንዱ ጎን እንኳ ልጡ ካለበትም አይላጥ። ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት የምትናገረው ከልጡ ሥር ያለችው የመጨረሻዋ ቀለበት ናት።